ላየን ኪንግ ላይ አርኪታይፕ መለየት አስቸገረኝ፣ እስቲ እርዱኝ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ለክላስ አንድ የአኒሜሽን ፊልም ይዛችሁ አርኪታይፖቹን (በብዙ ታሪክ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡትን የገጸ ባህሪ ሚናዎች) አውጡ ተባልንና እኔ የ1994ቱን ላየን ኪንግ ያዝኩ። የአንበሳው ንጉስ የሙፋሳ ልጅ ሲምባ ጀግናው፣ አጎቱ ስካር ጥላው (ማለትም ክፉው ባላንጣ)፣ እዚህ ድረስ ሰላም ነው። የተጣበቅኩት መካሪው ማነው የሚለው ላይ ነው። ሙፋሳ ልጁን ጎህ ሲቀድ አለቱ ጫፍ ላይ አውጥቶ ግዛቱን እያሳየ ይመክረዋል፣ ከሞተም በኋላ ደመና ላይ መጥቶ ያናግረዋል፣ ግን ጠቢቡ ዝንጀሮ ራፊኪስ? ውሃ ውስጥ የራሱን መልክ እንዲያይ ያደረገው፣ በዱላ አናቱን ብሎት ካለፈ ነገር መማር እንደሚቻል ያሳየው እሱ አይደል እንዴ (እቺ ቦታ ሁሌ ታስቀኛለች)። ሁለት መካሪ ይቻላል ወይስ ራፊኪን ከቀልደኞቹ ጋር ልደምረው?

ስካርም ግራ አጋብቶኛል፣ አጎት መስሎ ልጁን ሸለቆው ውስጥ አስቀምጦት ይሄድና አባትየው ሲሞት ጥፋቱ ያንተ ነው ሽሽ ይለዋል፣ ይሄ ጥላ ብቻ ነው ወይስ መልኩን የሚቀያይር (ወዳጅ ይሁን ጠላት የማይለየው) የሚባለውም ጭምር? ሲምባ በስደት ያገኛቸውን ጓደኞቹን ቲሞንና ፑምባን አጋር ብያቸዋለሁ፣ ግን ሁሉን እርሳው እያሉ ከመንገዱ ያስቀሩትም እነሱው ናቸው። የልጅነት ጓደኛው ናላ ደግሞ ፑምባን ልትበላ መጥታ ነው ወደቤት ጠሪ የሆነችው።

ስለ ታሪክ አጻጻፍ መጽሐፍ የጻፈው ክሪስቶፈር ቮግለር አርኪታይፕን እንደ ጭምብል ነው የሚያየው፣ አንዱ ገጸ ባህሪ ሊቀያይረው ይችላል ባይ ነው፣ እኔም ይሄ ያሳምነኛል። የተሰጠን ሰንጠረዥ ግን ለአንድ ገጸ ባህሪ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እናንተ ብትሆኑ በምን ትመርጣላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በሚሰራው ስራ ወይስ ታሪኩን በሚያዞርበት ሰአት በሚሰራው?