የርጭት አውሮፕላን ሞተር ማሳ ላይ ቢጠፋ፦ ለሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ ምን እናቅድ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለቤቱ። ሱሉልታና ሰንዳፋ በኩል ላለ የስንዴ ማሳ የአየር ርጭት እያቀድን ነው። አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተር፣ ጭራው ላይ ጎማ ያለው ነው። በ3 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ አብራሪው ምን ፋታ አለው? ለድንገተኛ ማረፊያ የትኛውን ማሳ እንምረጥ?

ባለክንፉ፦
ፋታ አለው፣ ግን ትንሽ ናት። በሰዓት 120 ማይል ላይ ከነበረና ፍጥነቱ 85 እስኪደርስ ወደ ላይ ከሳበ፣ በስሌት 70 ሜትር ገደማ ያገኛል። የአየር ጉተታው ስለሚቀንሰው ግማሹን ብቻ ይዛችሁ አቅዱ። እየሳበ ሳለ ኬሚካሉን ይድፋ። ታንኩ ሲራገፍ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፤ ስቲኩን ወዲያው ወደፊት ካልገፋ ስቶል ውስጥ ይገባል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል)፣ ከዚያ ከፍታ ደግሞ መመለሻ የለም። ተርባይን ከሆነ ፕሮፔለሩን ፌዘር ያድርግ፣ ማለትም ምላጮቹ አየሩን እንዳይጋፉ ጠርዛቸውን ወደ ፊት ያዙር። ማረፊያው ፊት ለፊት ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ቀኝ። ወደ መነሻው ልዙር ማለት ገዳይ ነው፦ ከፍታ ሳይለቁ 60 ዲግሪ አጋድሎ መዞር የስቶል ፍጥነትን በ41 በመቶ ይጨምራል።

ጥቁር_አፈር፦
ከፍታውን አትርሱ። እዚያ 2,500 ሜትር ላይ ናችሁ። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ከሆነ፣ የፍጥነት ጌጁ 80 ማይል ሲል እውነተኛው ፍጥነት 94 ነው። ነፋስ ከሌለ መሬት ሲነካ የሚሸከመው ጉልበት ከባሕር ጠለሉ 40 በመቶ ግድም ይበልጣል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ከፍታ በቂ የሚሆን ማሳ እዚህ ያጥራል።
ማሳ ስትመርጡ ትልሙን እዩ፤ ማረፍ በትልሙ አቅጣጫ ነው፣ ማቋረጥ መገልበጥ ነው። ክረምት ላይ የዋልካ መሬት ጎማ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ካርታው ላይ ቦረቦር፣ የድንጋይ ካብ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍና የመብራት መስመር ይግቡ። ሽቦው ከላይ አይታይም፣ ፖሎቹን ቁጠሩ። ሄዳችሁ በእግር ካልረገጣችሁት ማሳ ካርታው ብዙም አይረዳችሁ።

በርሜል፦
ሁሉም ስለ ማረፍ አወራ፣ እኔ ስለ መጥፋቱ ልበል። ከበርሜል የምትቀዱ ከሆነ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። የደጋ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ግማሽ ባዶ ታንክ ውስጥ እርጥበት ጤዛ ይሆናል። ታንኩን ማታ ሙሉት። የፓምፑ ቱቦ የበርሜሉን ወለል አይንካ፣ ውሃ የሚለይ ፊልተርም ይኑራችሁ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ከየማፍሰሻው በግልጽ ብርጭቆ ቅዱና እዩ፤ ከሥር የተለየ ጠብታ ከታየ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙ። ካርቡሬተር ያለው ፒስተን ሞተር ከሆነ፣ እርጥብ በሆነ ቀዝቃዛ ጠዋት ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ከተገለበጠስ?

ባለክንፉ፦
ጭራ ጎማ ስለሆነ ያ በጣም ሊሆን የሚችል ነው። መሬት ከመንካቱ በፊት ነዳጅ ይዝጋ፣ የክንፉን ፍላፕ (ለማረፍ የሚወርደውን ክፍል) ካወረደ በኋላ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ) ያጥፋ፣ ቀበቶውን ያጥብቅ። ተዘቅዝቆ ከቆመ ቀበቶውን ከመፍታቱ በፊት በአንድ እጁ ጣሪያውን ይደግፍ፣ አለዚያ በአንገቱ ይወድቃል። ሰው ሮጦ ይመጣል፤ ኬሚካል የፈሰሰበት ሰው ልብሱ ወልቆ በብዙ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ የሚረዳውም ጓንት ያድርግ። የኬሚካሉን መለያ ወረቀት ለሐኪሙ ስጡት፤ ማላታይን ዓይነት ፀረ-ተባይ ከሆነ አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ መድኃኒት ያስፈልገው ይሆናል።