ጅማ ላይ የትኛው ውሻ ይስማማል?

ሰላም ወገኖች። ከውጭ አገር ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ጅማ ልትገቡ ካሰባችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ስለ ውሻ ትጠይቃላችሁ። ላብራዶሬን ላምጣው ወይ? ጀርመን ሼፐርድ ይሻላል ወይስ ሮትዋይለር? የሀበሻ ውሻ አይበቃም ወይ? እኔ እዚህ ሁለት ውሾች አሉኝ። ሬክስ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ዳማ ደግሞ የዚሁ የጅማ ልጅ፣ የሀበሻ ውሻ ናት። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ከዝርያው ስም በፊት ቦታውን እዩ። ጅማ ዝናብ አለ፣ ጅብ አለ፣ የጎረቤት ዶሮ አለ፣ ለሶላት የሚወጣ ጎረቤት አለ። ውሻችሁ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት።

ከላብራዶር ልጀምር፤ ብዙ የምለው አለኝ። ውጭ አገር ልጅ ላለው ቤተሰብ ከእሱ የሚሻል የለም ይባላል። እውነት ነው፣ ሰው ወዳድ ነው። መነሻው የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ናት፤ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሲሠራ የኖረ ውሻ ነው። ሰው ሲያይ ጅራቱን እየቆላ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይልሳል። ጅማ ላይ ችግር የሚሆነው ግን ይኸው የምንወደው ጠባዩ ነው። እዚህ ሙስሊም ጎረቤት የሌለው ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። በብዙዎቹ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ሳይታጠቡ የማይሰገድበት ርኩስ ነገር ነው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር ነው። ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን የሚያዝ ውሻ ግን አይከለከልም። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ውሻ ስላሳደግን አይቀየሙንም። የሚያስቸግራቸው ውሻው ሲነካቸው ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ለጁምዓ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ አንድ ላብራዶር በፍቅር ቢዘልባቸው፣ ቤት ተመልሰው ታጥበው ልብስ መቀየር ሊኖርባቸው ነው። «ኧረ አይናከስም» ብትሏቸው ምን ይጠቅማቸዋል? እሳቸው የሚጠነቀቁት ከጥርሱ ሳይሆን ከምላሱ ነው። ኦርቶዶክሱም ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲገባ አይፈልግም።

ላብራዶር ያላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አስተምሩት፣ ሰው ሲያይ ቁጭ ማለትን። በር ሲከፈት ቁጭ፣ ልጅ ሲሮጥ ቁጭ፣ እንግዳ ሲገባ ቁጭ። ይህን የቻለ ላብራዶር ጅማ ላይ ደስ ብሎት ይኖራል። ሌላው ሆዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከአራት ላብራዶሮች በአንዱ ገደማ ላይ ከምግብ ፍላጎት ጋር የተያያዘ የዘር ጉድለት አግኝቷል። እንግዲህ ሠራተኛዋ ፍርፋሪ፣ ልጆቹ ዳቦ፣ ዘበኛው ከምሳው ሲያካፍሉት ምን እንደሚሆን አስቡት። የሚያበላው ሰው አንድ ብቻ ይሁን።

ቶሮንቶ ያለሽው እህቴ፣ ለሀስኪሽ ሙቀቱን ፈርተሻል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። እኔ የምፈራው ዶሮውን ነው። ሀስኪ በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ተንሸራታች እየጎተተ ሩቅ እንዲሄድ የተራባ ውሻ ነው። በደንብ ካልሮጠ አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ የሰው ዶሮና ግልገል አይምርም፤ በዚህ የተነሳ ከጎረቤት መጣላት ቀላል ነው። ሌሊት ማላዘኑም አለ። ውሻ ሲያላዝን ሰዉ ሟርት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት አጠገብ ከሆንሽ በጣም ይከፋቸዋል። ሰፊ ግቢና ጠንካራ አጥር ከሌለሽ አላበረታታሽም።

ጀርመን ሼፐርድ እዚህ በጣም ተፈላጊ ነው። በየበሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተለጥፎ ከምታዩት ብዙው ቤት እሱን ወይም ክልሱን ያሳደገ ነው። ብልህ ነው፣ ቶሎ ይማራል፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር አብልጦ ይቆራኛል። እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን ውስጥ ዝርያ ሆኖ ሲቋቋም በግ እንዲጠብቅ ተብሎ ነው። ሥራ ይፈልጋል። ሥራ ካጣ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ የራሱን እግር እየላሰ ያቆስላል።

የጅማ ክረምት ግን ለጸጉሩ ከባድ ነው። የሬክስ ጸጉር ድርብ ነው። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። ዝናቡ ካባራ ከብዙ ሰዓት በኋላ ጣቴን ከጀርባው ጸጉር ውስጥ ሳስገባ ቆዳው ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ከሰነበተ ቆዳው ይቆስላል፣ ጆሮው መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ማታ ማታ በፎጣ አደርቀዋለሁ፣ ጸጉሩን እስከ ሥሩ አበጥራለሁ፣ ጆሮውን አያለሁ። ማደሪያውን ከመሬት ከፍ አድርጌ በጣውላ ሠርቼለታለሁ፤ ጭቃው ላይ አይተኛም። ጸጉሩን ሳበጥር መዥገርም እፈልጋለሁ። መዥገር ደም ከመምጠጥ አልፎ በሽታ ያስተላልፋል፤ ከጆሮ ጀርባና ከጣቶቹ መሀል አይጠፋም።

ስለ ሮትዋይለር ብዙ አልልም። ጥሩ ውሻ ነው፣ ግን ጉልበቱ ከባድ ነው። ከዚህ በፊት ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ አልመክርም።

አሁን ወደ ዳማ ልምጣ። በሩ አጠገብ ጥግ ይዛ ትተኛለች። ባጃጅ ቢያልፍ ጆሮዋን እንኳ አታነሳም። ወተት የምታመጣልንን ሴት በኮቴዋ ታውቃታለች፣ ዝም ትላለች። የማታውቀው ሰው በሩ ላይ ከቆመ መጀመሪያ ትነሳለች። ከዚያ ታጉረመርማለች። ሰውየው ካልሄደ ነው የምትጮኸው። ጅብ ሰፈር ውስጥ የገባ ሌሊት ደግሞ ጩኸቷ አጠር አጠር ያለ፣ የማያቋርጥ ነው። ሬክስ የሚነሳው እሷን ሰምቶ ነው። ሰው ላይ አትዘልም። ሐጂ ሲያልፉ ራሷ ገለል ትላለች። ይህን ያስተማራት የለም፤ እናቷም አያቷም ከዚሁ ሰው ጋር ነው የኖሩት።

የሀበሻ ውሻ ሲባል «ዘር የሌለው» ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍሪካ የመንደር ውሾች ላይ የወጣ የዘር ጥናት፣ አብዛኞቹ የአውሮፓ ውሾች ክልስ ሳይሆኑ የራሳቸው የቆየ የዘር ሐረግ እንዳላቸው አሳይቷል። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ገበሬው በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው በእነዚሁ ውሾች ነው። ጸጉራቸው አጭር ስለሆነ ዝናብ ቢመታቸውም ቶሎ ይደርቃሉ። በእኔ አስተያየት ጅማ ላይ አዲስ ውሻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሀበሻ ቡችላ ነው።

የዝርያን ነገር ከልክ በላይ አታክብዱት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቆ፣ በውሾች መካከል ያለውን የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ ደርሶበታል። የቀረው የአስተዳደግና የየግላቸው ተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያየውንና የለመደውን ነገር ኋላ ብዙም አይፈራም። በዚያ ጊዜ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባጃጅ፣ በግ፣ ጋሪ አሳዩት። ቡችላ ስትገዙ እናቱን እዩ። እናቲቱ ሰው ስታይ የምትደበቅ ወይም የምትናከስ ከሆነ ተዉት።

ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር እዚህ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ ይዛችሁ አትቀጥሉ። የታሰረ ውሻ ወዳጅና ጠላት መለየት አይማርም። ፈርቶ ነው የሚናከሰው፣ በተፈታ ቀን የሚነክሰውም የቤቱን ልጅ ሊሆን ይችላል።

ምግብ ላይ ጅማን የሚመለከቱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቡና ለውሻ መርዝ ነው። ግቢ የተሰጣ ቡናም ሆነ የተደፋ አተላ ውሻ እንዳይደርስበት አድርጉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ፤ ስለዚህ የተረፈ ወጥ አይሰጥም። የአቮካዶን የውስጥ ጠንካራ ፍሬ ከዋጠ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል፣ አቮካዶ በወቅቱ ደግሞ በየግቢው ወድቆ ይገኛል። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ስታርዱ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አትጣሉለት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ከበላ ትሉ በሆዱ ያድጋል፣ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጉበቱን ቀቅሉት። የትል መድኃኒቱንም ሐኪም እያማከራችሁ አዘውትራችሁ ስጡት። ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ባለሙያ አይታጣም።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ግን ቸልታ የለም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ አትዙሩ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። የሰፈር ልጆችንም ይህን አስተምሯቸው።

ወረቀቱን የምትጨርሱት ከመነሳታችሁ በፊት ነው። ኢትዮጵያ በአሜሪካ መንግሥት የውሻ እብደት በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ውስጥ ናት። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ የተቀበረለት መሆን አለበት። እዚያ የተከተበ ውሻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ ክትባቱን የሚያረጋግጠውን ቅጽ ሳትወጡ አስሞልታችሁ አስጸድቁ፤ አለዚያ መመለሻው ከባድ ነው። ከአውሮፓ የምትመጡ ደግሞ የእብደት ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳየውን የደም ምርመራ እዚያው አሠሩ። ከዚያ ክትባቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ስትመለሱ ሦስት ወር አትጠብቁም። ፐግና ቡልዶግ ያላችሁ አስቀድማችሁ አየር መንገዱን ጠይቁ፤ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾችን ብዙ አየር መንገዶች በጭነት አይቀበሉም።

ሽቱትጋርት ያለኸው ወንድሜ፣ ውሻህ አሥር ዓመት ሞልቶታል፣ ዳሌውንም ያመዋል ብለሃል። ረጅም በረራ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀዋል። ልጅህ ከእሱ ጋር ያደገች ከሆነና እዚያው የምትቀር ከሆነ፣ ከእሷ ጋር ብትተወው ይሻለዋል። አንተ እዚህ ከተደላደልክ በኋላ ጻፍልኝ፣ ጥሩ እናት ያላቸው የሀበሻ ቡችሎች አፈላልግልሃለሁ።