የተሰጠኝን ገጸ ባሕሪ ልቤ አልቀበል ሲል ምን ይሻላል?

አዲስ ተዋናይት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተሰጠችኝ ገጸ ባሕሪ ልጇን ሰው ፊት «አላውቀውም» ብላ የምትክድ እናት ናት። ገና ሳነባት እፈርድባታለሁ። የራሴን ሐዘን እያስታወስኩ ስለማመድ እንባው ይመጣል፤ ሦስተኛ አራተኛው ድግግሞሽ ላይ ግን ድርቅ ይላል። ቀረጻ ደግሞ ያንኑ ትዕይንት በየአቅጣጫው ያስደጋግማል። ከየት ልጀምር?

ከመጋረጃ ጀርባ፦
ከፍርዱ ጀምሪ። «ጨካኝ» ተመልካች የሚሰጣት ስም ነው፤ በትወና ሊታይ አይችልም። ወረቀት ለሦስት ክፈይና በአንዱ ድርሰቱ በግልጽ የሚላቸውን እውነታዎች፣ በሁለተኛው እሷ ስለራሷ የምትለውን፣ በሦስተኛው ሌሎች ስለሷ የሚሉትን ጻፊ። ከራስሽ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚጋጩበት ቦታ ላይ ሴትየዋን ታገኛታለሽ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ንግግሯ ጎን ሌላው ሰው ላይ የምታደርገውን አስቀምጪ። «አላውቀውም» የምትለው ለማን ነው? ለልጁ ከሆነ ልታሸሸው ነው፤ አጠገቧ ለቆሙት ከሆነ ልታሳምናቸው ነው። ሁለቱንም ጮክ ብለሽ ሞክሪ፣ ዓይንሽ የሚያርፍበት እንኳ ይለያያል። «ታዝናለች» ብለሽ ከጻፍሽ ሰርዢው፤ ስሜት እንጂ ድርጊት አይደለም።

የልምምድ ክፍል፦
እንባው የሚደርቀው ትኩረትሽ ወደ ውስጥ ዞሮ አብሮሽ የሚተውነውን መስማት ስለምታቆሚ ነው። ትዝታውም በተደጋገመ ቁጥር ይደበዝዛል። ሩሲያዊው የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ ራሱ በስሜት ትውስታ (የራስን ያለፈ ስሜት አስታውሶ በመተወን) ብዙ ከሠራ በኋላ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ አካላዊ ድርጊት አዘንብሏል። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ አግኝታው ስትመለስ ከትወና መምህሩ ከሊ ስትራስበርግ ጋር የተጋጨችውም በዚሁ ነው፤ እሷ ምናብንና የድርሰቱን ሁኔታ አስቀደመች፣ ስትራስበርግ በትውስታው ጸና።

ትዝታ መጠቀም ግድ ከሆነብሽ፣ ስትራስበርግ ቢያንስ ሰባት ዓመት ያለፈው ይሁን ይል ነበር፤ ትኩስ ቁስል ከተነካ አይታዘዝም። ስትጠሪው «ምን ተሰምቶኝ ነበር?» አትበይ። ብርሃኑ በየት በኩል ይገባ ነበር? እጄ ምን ይዞ ነበር? ምን ይሸት ነበር? ስሜቱ በነዚህ በኩል ይመጣል።

ለካሜራ ግን ምናብ ይበልጣል ባይ ነኝ። ለምሳሌ የልጁ ሸሚዝ ሁለተኛ ቁልፍ ወልቋል፤ ልትተክዪለት አስበሽ ሳትተክዪ ቀርተሻል እንበል። ሸሚዙ በየድግግሞሹ ፊትሽ ስላለ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አዲስ ተዋናይት፦
ድርሰቱ «ታለቅሳለች» ቢልስ?

ሦስተኛ ደወል፦
ለማልቀስ አትሞክሪ፣ ላለማልቀስ ታገይ። ሰው ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ለመያዝ፣ ድምፁን ለማስተካከል ነው የሚጥረው፤ ተመልካቹን የሚነካውም ያ ትግል ነው። እንባው ባይመጣ እንኳ ትዕይንቱ አይወድቅም።

ትዕይንቱን ከመጀመሪያው ንግግር አትጀምሪ፤ «ጀምር» ከመባሉ አንድ ደቂቃ በፊት ከየት እንደመጣች፣ ምን ልታደርግ እንደነበር ያዢ። ብዙ ጊዜ ሰፊው ምስል ቀድሞ፣ የፊት ቅርብ ምስል በኋላ ይቀረጻልና ያለሽን ሁሉ በሰፊው ላይ አትጨርሺ። የትኛው ቃል ላይ እጅሽን እንዳነሳሽም አስታውሺ፣ በሁለቱ ምስሎች ካልገጠመ አርታኢው ምርጡን ቅጂ ሊጥለው ይችላል። ከባዱን የፊት ምስል ቀድሞ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ደግሞ ዳይሬክተሩን ከቀረጻው ቀን በፊት ጠይቂ፤ መብራት ከተተከለ በኋላ መቀየር ያስቸግራል።