መንቀሳቀስ ለሚያስቸግራቸው ልጆች፦ ሆስፒታል፣ የግል ማዕከል፣ የሚዛን ሰሌዳ ወይስ ብስክሌት?

ጥያቄ፦
የስምንት ዓመት ልጄ ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፋል፣ ቁልፍ ለመቆለፍም ይቸገራል፤ መምህርቱ ደግሞ በክፍል ውስጥ ትኩረት እንደሌለው ነግራኛለች። አዲስ አበባ ውስጥ የት ብወስደው፣ ለቤትስ የትኛውን የሚዛን መለማመጃ ብገዛለት ይሻላል?

መልስ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቴ። የእኔም ልጅ ተመሳሳይ ችግር ስላለባት ያየሁትን ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው። የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር (ልጅ እጅና እግሩን አቀናጅቶ ለማንቀሳቀስ ሲቸገር) የሚባለው የዓይን፣ የነርቭና የጡንቻ ሕመም አለመኖሩ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ ለምርመራው እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ የሕፃናት ነርቭ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ በአንድነት የሚገኙበትን ሆስፒታል እመርጣለሁ። ችግሩ ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የትኩረት ማነስም እንዳለባቸው ስለሚገመት ይህንንም አብረው ያስመርምሩ። ይሁን እንጂ መምህርቱ ያየችው ድካም ሊሆንም ይችላል። ሌሎች ልጆች ሳያስቡት ቀጥ ብለው ሲቀመጡና እርሳስ ሲይዙ፣ የእኛዎቹ ሐሳባቸውን ለሰውነታቸው ስለሚሰጡ ለትምህርቱ የሚተርፋቸው ጥቂት ነው። ልጄ እግሯ መሬት የሚረግጥበት ዝቅ ያለ ወንበር ሲሰጣት ያሳየችው ለውጥ ይህንን አስተምሮኛል።

የግል ማዕከላትን ሲያነጻጽሩ የመሣሪያቸውን ብዛት አይዩ። በአንድ ማዕከል ልጄ አራት ወር ሙሉ ዥዋዥዌ ስትወዛወዝና አየር በተሞላ ትራስ ላይ ስትቆም ቆየች፤ ትራሱ ላይ መቆም ቻለች፣ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ መውደቋ ግን አልቀረም። በኋላ ያገኘናት ፊዚዮቴራፒስት በራሳችን ደረጃ ላይ «ምን ልታደርጊ ነው? እንዴት? ተሳካልሽ?» እያለች ስታለማምዳት ግን መሻሻሉን በዓይናችን አየን። በዚሁ የቅንጅት ችግር ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምክረ ሐሳብም ልጁ የሚፈልገውን ተግባር ራሱን ማስተማርን ያስቀድማል። ስለዚህ «በዚህ ወር ልጄን ምን መሥራት ታስተምሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ግልጽ መልስ የሚሰጥዎትን ይምረጡ።

ከውጭ የሚመጣው የሚዛን ሰሌዳም ሆነ አናጺ የሚሠራው በዋናነት የሚያስተምሩት ሰሌዳ ላይ መቆምን ነው። በጠመኔ የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞ ግን በአንድ እግር መዝለልን፣ ተራ መጠበቅንና ጠጠሩን መከታተልን አንድ ላይ ያለማምዳል፤ ከሰፈር ልጆችም ጋር ያቀላቅለዋል። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ብስክሌት ይግዙለት።

ጥያቄ፦
ብስክሌት እጅግ ይፈራል። አጋዥ ጎማ ያለውን ልግዛ?

መልስ፦
አጋዥ ጎማ ብስክሌቱን ከማዘንበል ስለሚከለክለው ልጁ ሚዛን መጠበቅን አይማርበትም። ይልቁንስ ፔዳሎቹን አስፈትተው፣ ሁለቱም እግሮቹ መሬቱን በደንብ እስኪረግጡ ድረስ መቀመጫውን ዝቅ ያድርጉለትና በእግሩ እየገፋ ይሂድ። እግሩን አንሥቶ ጥቂት ሜትር መንሸራተት ሲችል ፔዳሎቹን ይመልሱለት። ቤት ውስጥ የሚፈቱት ከሆነ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚላላው ሰዓት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው።