የካሜራዬ ሌንስ ወጥቶ አልገባም አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ አለብን፣ እርዱኝ

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። የካሜራዬ ሌንስ እንደወጣ ቀረ፣ አይገባም። ሳበራው ጢጥ ጢጥ ይልና ስክሪኑ ላይ የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አምጥቶ ይጠፋል። ቅዳሜ ከጡረታ ጓደኞቼ ጋር ዘጌ፣ እሑድ ደቅ ልንሄድ ጣና ላይ ጀልባ ይዘናል፤ ፎቶ አንሺዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ይሠራል ወይስ አበቃለት? የእህቴ ልጅ ነገ ማታ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ካልሆነ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ገዝቶ ይምጣ። 40 ጊዜ የሚያቀርብ ካኖን አለ አሉኝ። ልግዛው? ቶሎ መልሱልኝ።

የዓባይ ማዶ፦
እትዬ፣ የተበላሸው ካሜራ ምን ዓይነት ነው?

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ብርማ ነው። የእጅ ማንጠልጠያ አለው።

የዓባይ ማዶ፦
በቃ ተገኘ! 😂

ሚሞሪ ሞላ፦
ባትሪውን አውጥተው መልሰው ያስገቡት።

መምህር በጡረታ፦
እህቴ፣ ጥያቄው ከመሠረቱ መነሳት አለበት። ካሜራ ማለት ብርሃን የሚሰበስብ ዕቃ ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የሚባለው ነገር ነው። 40 ጊዜ የሚያቀርቡት ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰራቸው 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ነው። ያባዙት፤ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሻጩ ግን ሁለቱንም «20 ሜጋፒክስል» ብሎ ነው የሚሸጥልዎ። ስለዚህ ሜጋፒክስሉን ይተዉትና ሴንሰሩን ይጠይቁ። በዚህ ላይ የሌንሱ ቀዳዳ፣ ማለትም ኤፍ የሚባለው ቁጥር፣ ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባው በዝቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካሜራ ባይገዛ ይሻላል።

የዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ ጀልባው ቅዳሜ ነው የሚነሳው።

ሸማኔ ሠፈር፦
ግፉት ይገባል። የወንድሜን በእጄ ገፍቼ ነው ያስገባሁት።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
እንዳይገፉት! ውስጡ ያሉት ጥርሶች ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ ጥገናው ከካሜራው ይበልጣል።

ሚሞሪ ሞላ፦
ለምን ካሜራ አስፈለገ ግን? የዛሬ ስልክ ሁሉን ያነሳል። ጡረታ ላይ ገንዘብ ከማባከን በስልክዎ አያነሱም?

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ስልክማ አለኝ። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታየኝም። መነጽሬን ስፈልግ ጉማሬው ሰምጦ ይጠብቀኛል። ከሩቅ ያለውን ደግሞ ሳቀርበው ይደበዝዛል። ገንዘቡን ደግሞ 34 ዓመት ሠርቼ ነው ያመጣሁት ልጄ።

ጀልባው አይቸኩልም፦
እማማ፣ ጉማሬው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው የሚገኘው። ፎቶ ሲነሳ ሆዱን ያስገባል ይባላል። 😂 ለማንኛውም ባትሪው ሙሉ ነው? እንግዶች ሳመላልስ አይቻለሁ፤ ባትሪ ሲደክም ሌንሱ የሚወጣበት ጉልበት ይኖረውና የሚገባበት ያጣል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉትና ጠዋት ያብሩት።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
እማማ አትበሉኝ፣ ገና ነኝ። ባትሪው አንድ መስመር ነው የሚያሳየው።

ሚሞሪ ሞላ፦
ባትሪውን አውጥተው መልሱት ብያለሁ እኮ።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
የጀልባው ልጅ ትክክል ነው፤ እኔም ከዚያ ነው የምጀምረው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ እንቢ ካለ ሌንሱ ዙሪያ አሸዋ ገብቶ ይሆናል። ያጥፉት፣ ሌንሱን ወደ መሬት ያዙሩት፣ በእጅ በምትጨመቅ የአየር ፓምፕ በቀለበቶቹ መካከል ዙሪያውን ይንፉ፤ በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ ይገባል። ከዚያ እንደተደፋ ያብሩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ካልሰማ ይተዉት፤ ሞተሩን መታገል ትርፉ ማቃጠል ነው።

ስለሚገዛው ደግሞ ልናገር። ያሉት የካኖን ኤስኤክስ 740 ነው መሰለኝ። ሌንሱ ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን አቅርቦ ያነሳል ማለት ነው፤ ለወፍ ደስ ይላል። ግን ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መመልከቻ የለውም፣ ስክሪን ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ፀሐይ ላይ ስክሪን አይታየኝም ብለዋል። እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ። መመልከቻ ያለውን ይያዙ። ከመመልከቻው ጎን ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ እሷን እያንቀሳቀሱ ለዓይንዎ ሲያስተካክሉት ያለ መነጽር ጥርት ብሎ ይታይዎታል።

መምህር በጡረታ፦
ሴንሰሩስ?

የድሮ ፎቶ ቤት፦
እደርስበታለሁ መምህር። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚነሳው ሥዕል የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ቤቱ ክብ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በበሮቹ ነው። ፍላሽ ደግሞ ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ አይፈቀድም፤ ካህኑን ቀድመው ይጠይቁ። እዚያ 40 ጊዜ ማቅረብ ምንም አያደርግልዎትም፤ የሚፈልጉት ትልቅ ሴንሰርና ሰፊ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ መምረጥ ያለብዎት ወፉን ወይስ ሥዕሉን ነው። ለሥዕሉ ሶኒ አርኤክስ 100 ሰባተኛው፦ አንድ ኢንች ሴንሰር፣ ከ24 እስከ 200፣ ብቅ የሚል መመልከቻ፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ለሁለቱም አስታራቂው ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲዜድ 200 ነው፦ ያው አንድ ኢንች፣ እስከ 360፣ መመልከቻው ተገጥሞለት። ጨለማ ላይ ከሶኒው ትንሽ ይደክማል። ወፍ ብቻ ካሉ ሶኒ ኤችኤክስ 99 እስከ 720 ይደርሳል፣ መመልከቻም አለው፣ ሴንሰሩ ግን ትንሹ ነው። እኔ ብሆን ሉሚክሱን ነው።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ሁለቱንም ነው የምፈልገው፣ ሥዕሉንም ወፉንም፣ ፔሊካኑን። እጄም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ጀልባው አይቸኩልም፦
ጀልባው ከእጅዎ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፣ አያስቡ። ክርንዎን ጀልባው ጠርዝ ላይ እንዳያሳርፉ፤ የሞተሩ ንዝረት በክርንዎ ይመጣና ፎቶው ይበላሻል። ክርኑን ጎንዎ ላይ አጣብቀው ይያዙ። ፔሊካን ስታዩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ለባለ ጀልባው ይንገሩት። ጠዋት ሐይቁ ዝም ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ውኃ ይረጫል፣ ካሜራውን ያኔ ላስቲክ ውስጥ ይክተቱት። ደግሞ ለደቅ ተጨማሪ ባትሪ ይያዙ፣ ሩቅ ነው።

የዓባይ ማዶ፦
ሴቶች ናችሁ መሰል? ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባም፤ ጀልባ ላይ ስትደርሱ እንዳታዝኑ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ይገባል። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ይገባል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
እሱን አውቃለሁ ልጄ፣ እዚሁ ነው ያረጀሁት። ካሜራውን ንገሩኝ። የእህቴ ልጅ ያገለገለ ነው የሚገኘው አለኝ።

የድሮ ፎቶ ቤት፦
ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ይፈትሽ። ደጋግሞ ያብራው ያጥፋው፣ ሌንሱ ሳይንቋቋ ይውጣ ይግባ። እስከ መጨረሻው ያቅርበውና ከሩቅ ያለ ጽሑፍ ያንሳ። ነጭ ግድግዳ ያንሳና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ይተወው፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል፣ ትንሽ ካሜራ ደግሞ ሳይፈታ አይጸዳም። የስልኩን መብራት ሌንሱ ላይ ያብራ፤ ቀጫጭን ነጭ ክር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ጣና ዳር ደግሞ እርጥበቱ ያባብሰዋል። ባትሪውን አውጥቶ ይይ፣ ካበጠ አይቀበል። መመልከቻውን በራሱ ዓይን ሳያይ ብር አይክፈል።

ሸማኔ ሠፈር፦
እኔ ግን ይገፋ ባይ ነኝ።

መምህር በጡረታ፦
ሴንሰሩን በተመለከተ ስለተስማማችሁ ደስ ብሎኛል። አሁን ስለ መዝጊያ ፍጥነት ላስረዳ። የሚበር ወፍ ለማንሳት ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን በዚህ ፍጥነት ካነሱ ጨለማ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ...

ሚሞሪ ሞላ፦
ባትሪው ወጥቶ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?

የጎንደር በር፦
ይቅርታ፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነብኝ። የእኔ ካሜራ «ካርዱ ተቆልፏል» ይላል፣ ምን ላድርገው?

የድሮ ፎቶ ቤት፦
ካርዱን አውጣው። ግራ ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ወርቃማዎቹ መስመሮች አቅጣጫ በጥፍርህ ግፋትና መልሰው።