ሊሚት ስሠራ 0/0 ሲመጣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (12ኛ ክፍል፣ ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊሚት ከጀመርን ወዲህ ሒሳብ ጨልሞብኛል። ለምሳሌ ይህን እዩልኝ፦ (ኤክስ² − 9)/(ኤክስ − 3)፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ። 3ን አስገባሁ፣ 0/0 መጣ። «ሊሚት የለውም» ብዬ ጻፍኩ፣ ተሳሳትኩ። መልሱ 6 ነው አሉን። ግን 3 ላይ ፈንክሽኑ ራሱ የለም እኮ! የሌለ ነገር እንዴት 6 ይሆናል? ክፍል ውስጥ ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ። ማትሪክ እየደረሰብኝ ስለሆነ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ (የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ሲና)፦
አይዞሽ ልጄ። ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሊሚት ዋና ነገር እሱ ነው።
ጣርማበርን ታውቂዋለሽ። ጉም ሲወርድ ጫፉ አይታይም። አንዱ መኪና ከደብረ ብርሃን በኩል ይመጣል፣ ሌላው ከደብረ ሲና ዳገቱን ይወጣል። ጫፉ ላይ መንገዱ ተቆርጧል እንበል። ሁለቱም ወደ አንድ ከፍታ እየተጠጉ ከሆነ፣ ባይደርሱም የት ሊገናኙ እንደነበር እናውቃለን። ሊሚት የሚጠይቀው «ወዴት እየተጠጋሽ ነው?» ብሎ ነው። እዚያው ነጥብ ላይ ምን እንዳለ አይጠይቅም።
ደብተርሽን አውጪ። 2.9ን ስታስገቢ 5.9 ታገኛለሽ፤ 2.99 ደግሞ 5.99 ይሰጥሻል። በሌላው ወገን 3.01 ስታስገቢ 6.01 ነው። ሁለቱም ወደ 6 እየሄዱ ነው።
አሁን ላይኛውን ፋክተር አድርጊ፦ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3)። ኤክስ ወደ 3 ይጠጋል እንጂ 3 አይሆንም። ስለዚህ ኤክስ − 3 ዜሮ አይደለም፣ ከታችኛው ጋር ማጣፋት ይቻላል። ኤክስ + 3 ይቀርሻል። 0/0 ካየሽ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት)፦
እኔን ያስቸገረኝ ሊሚቱ ሳይሆን የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነበር። እሱን ስከልስ ብዙው ቀለለኝ። ሩት ካለበት ደግሞ ኮንጁጌት (የመሃሉ ምልክት የተቀየረውን) ተጠቀሚ። (√(ኤክስ + 4) − 2)/ኤክስ፣ ወደ 0 ሲጠጋ፦ ላይና ታቹን በ√(ኤክስ + 4) + 2 አባዢ። ላይ ኤክስ ብቻ ይቀራል፣ ከታችኛው ጋር ይጣፋል። 1/(√(ኤክስ + 4) + 2) ይቀርሻል፤ 0ን ስታስገቢ መልሱ 1/4 ነው።

መልስ (አስጠኚ፣ ደብረ ብርሃን)፦
0/0 ሁሉ ሊሚት አለው ብለሽ ግን እንዳትደመድሚ። |ኤክስ|/ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ ከግራ −1፣ ከቀኝ 1 ነው። አይገናኙም፣ ስለዚህ ሊሚት የለውም። ሳይን ኤክስ/ኤክስን ወደ 0 ሲጠጋ በካልኩሌተር ስትሞክሪም ራዲያን ላይ አድርጊው። ዲግሪ ላይ ከሆነ ወደ 1 መሄዱ ቀርቶ 0.01745 አካባቢ ያሳይሻል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! (ኤክስ² − 5ኤክስ + 6)/(ኤክስ − 2)ን ወደ 2 ስወስደው −1 መጣልኝ። በ1.99 ሞከርኩት፣ −1.01 ሆነ። ልክ ነኝ?

መምህሩ፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ ጎበዝ። 2.01ንም ሞክሪው፤ አንድ ወገን ብቻ አይበቃም።