የሚያስል ልጅ ከበር ይመለስ? (የደሴ ወላጆችና መምህራን ክርክር)

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦ ዛሬ ጠዋት አራት ልጆች «ታስላላችሁ» ተብለው ከበር ሲመለሱ አየሁ። አንዷ ደብተሯን በፌስታል ይዛ በዚያ የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ብቻዋን ቁልቁል ወረደች። የምሠራበት ትምህርት ቤት ከሰኞ ጀምሮ የሚያስል እንዳይገባ ወስኗል። እኔ አላመንኩበትም። እናንተስ?

እናት፣ ከሆጤ፦ ቲቸር፣ አይቀየሙኝና ውሳኔው ልክ ነው። አምና ልጄ ከክፍል ጉንፋን ይዞ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን የስምንት ወር እህቱ ላይ ወረደ። ሌሊት ትንፋሿ ፈጠነ፣ ጎኗ ወደ ውስጥ ስርጉድ ስርጉድ አለ። ታቅፌያት ሮጥኩ፤ የሳንባ ምች ነበር። ተረፈችልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ሌሊት ግን አልረሳውም።

አባት፣ ከሰኞ ገበያ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፈችልሽ። ግን የኔ ልጅ ሲመለስ ቤት ማን አለ? እኔም እናቱም ጎህ ሲቀድ ነው ለቀን ሥራ የምንወጣ። ሲያስል ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት ዋለ። በሽታው ታዲያ የት ቀረ? በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታላቁ ልጄ ከትምህርቱ እንደወጣ ቀረ፤ አልተመለሰም። እሱን እፈራለሁ።

የጤና ባለሙያ፦ መስፈርቱ ነው ችግሩ። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅ ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። በር ላይ ስትይዙት ጓደኞቹን አዳርሷል። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ሳሉ ሊሰነብት ይችላል። ቤት የሚቀረው ትኩሳት ያለበት ነው፤ ያለ ማስታገሻ 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይነካው ከዋለ ይመለስ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከደፈነ ግን ለቲቢ ይመርመር። በሽተኛውን ልጅ ከጨቅላ አርቁ፤ እሷ እንዳለችው ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ጎን ሲሰረጉድ፣ ጡት አልይዝ ሲል ማደር የለም።

አዛውንት፦ ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ ኅዳር 12 ግቢው ተጠርጎ ይታጠን ነበር። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ አባቶቻችን ነግረውናል።

የጤና ባለሙያ፦ አባባ፣ መጥረጉስ ይሁን። ግን ያ በሽታ ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ የሄደው በሰው ትንፋሽ ነው። ጭሱ አያቆመውም፤ አስም ያለበትን ልጅ ያስጨንቀዋል።

መምህርት፦ ክፍሌን ላሳያችሁ። 58 ልጆች፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት። ብርዱን ፈርተን መስኮቱን እንዘጋለን፤ የተሰበረውን በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈነዋል። አምስተኛ ፔሬድ ላይ ግድግዳው ያልበዋል። አንድ ኮዳ ውሃ ለአምስት ይዞራል። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ሮቶ ውሃ አለው፣ ሳሙና ግን የለውም። ልጅ ከማባረራችን በፊት ይሄን እናስተካክል!

እናት፣ ከሆጤ፦ በውርጭ መስኮት ተከፍቶ? ብርድ ይመታቸዋል እኮ!

የጤና ባለሙያ፦ ቫይረስ ከሌለ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ሁለቱንም ጎን ክፈቱት፤ ሲማሩም አንዱ ገርበብ ይበል። ጋቢ ደርበው ይምጡ።

እናት፣ ከሆጤ፦ እሺ። ትኩሳቱንስ ማን ይለካል?

አባት፣ ከሰኞ ገበያ፦ እኔ ስወጣ ግንባሩን በመዳፌ እነካዋለሁ። ካተኮሰው ከአያቱ ዘንድ ይውላል። ግን የቀረበት ቀን ፈተና ዜሮ እንዳይሆንበት ይጻፍልኝ፤ ባለፈው ሆኖበታል።

መምህርት፦ ዓርብ ስብሰባ አለን፤ እሱን ይዤ እገባለሁ። የመስኮቱ ማጠፊያ ዝጎ አልከፈት ብሎኛል፤ ከወላጆች መካከል አናጢ ካለ ነገ ከሰባት ሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ነው።